ነጭ ወረቀት የለበሰው ክፍል

ልጅ ሳለሁ ከሌሎች ልጆች በአንድ ነገር እበልጥ ነበር፤ ቤታችን ሲሠራ አይቻለሁ። ገርጂ ያኔ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማዶ የተዘረጋ የጤፍ ማሳ ነበረች፤ አባባ በቤት ሥራ ማኅበር በኩል ቦታ ተመርቶ ግድግዳው እንደቆመና ቆርቆሮው እንደተመታ፣ መስኮቶቹ ገና በማዳበሪያ ከረጢት ተከድነው፣ ካዛንቺስ ከተከራየነው አንድ ክፍል ጓዛችንን ጭነን ገባን። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ጣራችን ይንቀጠቀጣል፤ እኛም ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ጭቃውን ያቦካው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭድና አፈሩን ሲረግጥ ይውልና ማታ እማዬ ሙቅ ውሃ አቅርባ እግሩን ስታጥበው «ይኼ እግር እኮ ከእንግዲህ የቤቱ ነው፣ አይለቅም» እያለች ትስቅበት ነበር። የቤቱ ውስጥ ሳያልቅ ቀበሌ ስሙን ጠራውና ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ።

ሲሚንቶ እንደልብ አይገኝም ነበርና የውስጡን ግድግዳ በወረቀት ለማልበስ ተወሰነ። አባባ የአንድ ማተሚያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ቀለም የፈሰሰበትንና ተጣሞ የታተመውን ብላሽ ወረቀት አስፈቅዶ ያመጣል። ማታ ማታ ከራት በኋላ እማዬ በከሰል ምድጃው ላይ ዱቄት በውሃ አማስላ ሙጫ ታበስላለች፤ ፋኖሱ ከሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ አባባ ብሩሹን ይይዛል፤ እኔ ወረቀት አቀብላለሁ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚለጠፈው፤ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እንዲሸፍን፣ አለዚያ አቧራ ይገባበታል። ይኼን እስካሁን የማልረሳው ሲያስተምረኝ ስለተቆጣኝ ነው።

ቀን ቀን አባባ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሰላምታ እንኳ በስስት የሚሰጥ ዓይነት። ብሩሹን ሙጫ ውስጥ ሲነክር ግን አፉ ይፈታል። ለአንድ ግድግዳ አንድ ተረት ነው። በርና መስኮት ያለበት አጭር ግድግዳ የጦጢት ተረት ይደርሰዋል፤ ረጅሙ የሳሎን ግድግዳ ንጉሥና ሰባት ሴቶች ልጆች ይዞ ሦስት ማታ ፈጀ። የከሰሉ ፍም እየፈዘዘ ሲሄድ፣ የሙጫው እንፋሎት ፊቴን ሲያሞቀኝ፣ የአባባ ጥላ በግድግዳው ላይ እጁን ዘርግቶ ሲወጣና ሲወርድ ያኔ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁንም ያለ አይመስለኝም።

አንድ ያልተለመደ ጠባይ ነበረው፤ በእሱ ተረት ማንም ከቤቱ አይቀርም። አያ ጅቦ የበላት ፍየል እንኳ በመጨረሻ ወደ በረቷ ትገባለች። «የተበላች ፍየል እንዴት ነው የምትገባው?» ብዬ ሞገትኩት። «ጎመዘዘችውና ተፋታ» አለኝ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል። እማዬ ፍራሹ ላይ ተጋድማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆዷን የያዘችው በሳቁ ብቻ አልነበረም፤ አርባ ዓመቷን ደፍና አርግዛ ነበር፤ ጎረቤት እንዳያይባት በነጠላ እየሸፈነች ነበር የምትሄደው።

መጨረሻ ላይ የቀረው የደረጀ ክፍል ነበር። ሌላው ቤት መዝሙርና መፈክር፣ የሦስተኛ ክፍል ሳይንስና የሲሚንቶ ማስታወቂያ ለብሷል፤ ለደረጀ ግን አባባ ምንም ያልታተመበት ነጭ ወረቀት አንድ በአንድ ሲያጠራቅም ከርሟል። እማዬ እንደዚያ ነው የፈለገችው። «ልጄ የሰው ጩኸት ሰልችቶት ነው የሚመጣው፣ ግድግዳው እንኳ ዝም ይበልለት» አለች። ከእሱ ሁለት ደብዳቤ መጥቶልን ነበር፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ ማንበብ አትችልም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማዬ ኅብረት ሱቅ ራሽን ልታወጣ ሄዳ ሳለ በክራንች የሚሄድ ወጣት ግቢያችን ገባ። የደረጀን አባት ፈለገ። አባባ ከቤት ወጣ፤ ሰውየውን አየው፤ ሰላም ሳይለውም ከአሸዋው ክምር ላይ ቁጭ አለ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ማንም ሂጂ አላለኝም።

«አባቴ፣ ከደረጀ ጋር በአንድ ጓድ ነበርን» አለ ልጁ። «በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት። እንዳይጠብቁት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«መቼ?» አለ አባባ።

«ከፍልሰታ በፊት።»

አባባ ሌላ አልጠየቀም። ልጁ ውሃ ጠጥቶ፣ እናትየው ሳትመጣ ልሂድ ብሎ ሄደ። አባባ ከበርሜሉ ውሃ እየጨለፈ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበና ወደ እኔ መጣ።

«ሰኒ፣ ሰምተሻል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እናትሽ እስክትገላገል አልሰማሽም። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም። ደም ይፈሳትና ሁለቱንም እናጣለን። አባባ ይሙት በይ።»

«አባባ ይሙት» አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር። የወንድሜን ሞት በሰማሁበት ቀን በአባቴ ሞት ማልኩ።

እማዬ ደስ ብሏት ተመለሰች፤ ስንዴ ደርሷታል። ገና ነጠላዋን ሳታወርድ ሁለት እፍኝ ለሙጫው ለይታ አስቀመጠች። የአባባን ዓይን አይታ «ምነው?» ስትለው አሸዋ ገባብኝ አላት። ያን ዕለት ሥራ ማቆም አይቻልም ነበር፤ ብናቆም ትጠይቃለች። ተረት ማቆምም አይቻልም፤ እሱንም ብናቆም ትጠይቃለች። ስለዚህ አባባ ብሩሹን አነሣና ጀመረ።

እሳት የጠፋባት እናት ሦስቱን ወንዶች ልጆቿን ፍም ልመና የላከችበት ተረት ነበር። የመጀመሪያው በእንስራ ገል፣ ሁለተኛው በኩበት ይዞ ተመለሰ። ሦስተኛው ሩቅ ሄደ፤ ወንዝ ተሻገረ፤ ጨለመበት። አባባ እንደዚያን ዕለት አምሮለት አውርቶ አያውቅም፤ ወንዙ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ግድግዳው አለቀ። ነጩ ወረቀት ጣራው ጥግ ደርሷል፤ አባባ ብሩሹን እንደያዘ ዝም አለ።

«ምነው?» አለች እማዬ ከፍራሹ ላይ። «ልጁን ውጭ ልታሳድረው ነው እንዴ?»

አባባ አልዞረም። «ገባ» አለ ለግድግዳው። «በሩን ከፍቶ ገባ።»

እሷ «ተመስገን» ብላ ሳቀች። እኔ ያኔ አባቴን ጠላሁት። እንዴት እንደቻለ፣ ምን እንዳስቻለው ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከተረዳሁ በኋላም ያ ጥላቻ ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም።

የባሰው ግን የእኔ ሥራ ነበር። እማዬ እሑድ እሑድ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ጀመር። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ስትጨርስ መልሼ አነብላታለሁ፤ ካላነበብኩ አታምንም። «ልጄ ደረጀ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ፤ ክፍልህ ነጭ እየሆነልህ ነው፤ ስትገባ ጫማህን በር ላይ አውልቅ፤ ግድግዳውን በትከሻህ እንዳትደገፍ ይላጣል።» እንዲህ ነበር የምትለው፤ ልጁ ነገ የሚመጣ ይመስል ትቆጣዋለች። እጄ ሲንቀጠቀጥ በረደኝ እላለሁ፤ አፍንጫዬን ስጠርግ ጉንፋን ነው እላለሁ። «ጽሕፈትሽ ያምራል» ትለኛለች፤ «እሱም ሲያየው ይደሰታል።» አንድ ጊዜ ደግሞ «በሆዴ ያለው ወንድ ከሆነ ስም የምታወጣለት አንተ ነህ፣ ቶሎ ጻፍልኝ» ብላ አስጻፈችኝ።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የሚያደርሰው አባባ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀድሜ ስመለስ በደረጀ ክፍል አገኘሁት። ደብዳቤዎቹን ሙጫ ቀብቶ ገና ወረቀት ባልለበሰው ግድግዳ ጭቃ ላይ እየለጠፈ በላያቸው ነጩን ወረቀት ያለብሳል። ቆሜ አየሁት።

«ለምን አትቀድዳቸውም?» አልኩት፤ ክፉ ሆኜ ነው ያልኩት።

«ስሙ ያለበትን እንዴት አድርጌ ልቅደደው?» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እማዬ ማታ ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብስ እጇ እብጠቱ ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ አየር ይዟል፣ በደንብ አልተጫንከውም» አለችው። ሲደርቅ ይስተካከላል አላት። እኔ ፋኖሱን አንሥቼ ወጣሁ፤ በጨለማ ትተሽን ትሄጃለሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ ተመልሼ ሰቀልኩት።

በጥር ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ ደርሶ ክርስትና ተነሣ፤ የክርስትና ስም ካህኑ አወጡለት፤ የቤት ስም ግን ደረጀ ሳይጽፍ አይወጣለትም ብላ እምቢ አለች። ጎረቤት ስም ሲያቀርብ ትቆጣለች፤ ፖስተኛ ሲያልፍ ሕፃኑን ታቅፋ አጥር ድረስ ትወጣለች። አባባ ይኼን ሁለት ሳምንት አየና ወደ እድር ዳኛው ሄደ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ግቢያችን ሰው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። እማዬ በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ሕፃኑን ለእኔ አቀበለችኝና «ስንተኛ ወሩ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጽፈው አልችልም፤ ሕፃኑን ይዤ ከጎረቤት ቤት ሆኜም ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ጠራችኝ። ድምጿ ጠፍቶ ነበር።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«በኅዳር።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ደብዳቤውን ሁሉ እያወቅሽ ነው የጻፍሽልኝ?»

በራሴ አዎ አልኳት።

«መልሰሽ ስታነቢልኝም?»

አባባ ይሙት ብዬ እንደማልኩ፣ ለእሷ ብዬ እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻልኩም። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ፀጉሬን ነካ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። አባባን አልቅሳበት፣ ሰድባው፣ በመጨረሻ አብራው አልቅሳ ይቅር አለችው፤ እሱ ባሏ ነው፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ነው። ለእኔ ግን ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር እንዳለም አላነሣችም። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቃል ጻፊልኝ ብላኝ አታውቅም። ዓመት ሳይሞላው ቀበሌ ለመሠረተ ትምህርት ስትመዘገብ ሕፃኑን አዝላ ነበር። ስሙ ሳይወጣለት ማሙሽ እንደተባለ ቀርቷል፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖም ማሙሽ ነው። «ላስጠናሽ?» ብዬ ደብተሯን ሳነሣ «አስተማሪ አለኝ» አለችኝ፤ በለስላሳ ድምፅ። አባባም የሚለጠፍ ግድግዳ ሲያልቅ ተረቱን ተወው፤ ማሙሽ አንድም አልሰማም።

ከዓመታት በኋላ መምህርት ሆኜ አርባ ምንጭ ተመደብኩ። እዚያ ነው የመጀመሪያ ደብዳቤዋ የደረሰኝ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እስክሪብቶውን በጣም ከመጫኗ የተነሣ ወረቀቱ ከጀርባው ጎርበጥ ይላል። «ልጄ ሰናይት። ይኼን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። አባትሽ ወገቡን ያመዋል። ማሙሽ በሒሳብ ወደቀ። ሲያምሽ አመመኝ በይ፤ ሲከፋሽ ከፋኝ በይ። አንቺ እውነቱን ጻፊልኝ» ይላል። ሌላ የለበትም።

ከአባባ ተረት ምን ቀረልሽ የሚለኝ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይገጥመኛል። ፍየሏም፣ ሰባቱ ሴቶች ልጆችም አልጠፉብኝም፤ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። በእውነት ውስጤ የቀረውን ግን ያወቅሁት ያን ዕለት አርባ ምንጭ ነው። ደብዳቤው የደረሰኝ ወባ ጥሎኝ በተኛሁ በዘጠነኛው ቀን ነበር፤ ብርጭቆ ማንሣት አቅቶኝ ውሃ የምታጠጣኝ የጎረቤቴ ሚስት ነበረች። «እውነቱን ጻፊልኝ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አለቀስኩም። ከዚያ ትራሴን ተደግፌ ተነሣሁና፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ወረቀቱን በመጽሐፍ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ «እማዬ፣ እኔ በጣም ደኅና ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት።