ማንጎው ሥር የሠራነው ፕሮግራም

ዛሬም ላፕቶፕ ጭኔ ላይ ሲግል አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። ምን ልበልህ፣ የመመረቂያ ሥራችንን ያቀረብንባት ረፋድ ናት።

አርባ ምንጭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራችንን የሠራነው ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ልጅ የሆንኩት እኔና ኦቾሎ በሚባል የጋሞ መንደር የሚኖር ሸማኔ ልጅ የሆነችው ጓደኛዬ። የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ የትኛው የሙዝ ማሳ እንደሚጥለቀለቅ የሚያሰላ ፕሮግራም ነበር። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት ይሠራል እንጂ በማውስ የሚጫኑት ነገር የለውም። ላቦራቶሪው ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት፣ ያለ እንከን ይሄድ ነበር።

ልናቀርብ በተዘጋጀንበት ዕለት መብራት ጠፋ። የቀረን የጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ በዊንዶውስ የሚሠራ ነው። ለሊኑክስ የተሠራው አይነሳበትም፤ የጻፍነውን ሶርስ ኮድ እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ዊንዶውስ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ ነበረብን።

ከምናቀርብበት አዳራሽ ውጭ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥን። የረገፈው ማንጎ ይሸታል፤ ከአባያ ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ ራሱ ይፋጃል። ትእዛዙን ስጽፍ ስክሪኑ በስህተት መልእክት ተሞላ። ባትሪው እየወረደ ነው። የጓደኛዬ አባት በጠና ታመው ነበር፤ ያን ቀን ካላለፈች ሌላ ዓመት ልትቆይ አትችልም። ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሳውም።

«አለቀልን» አልኳት።

«አንብቢው እንጂ! ምን ጎደለኝ ነው የሚለው?»

የጎደለው የሒሳብ ላይብረሪ፣ ፕሮግራማችን ለስሌት የሚጠራው ዝግጁ ኮድ ነበር። ሊኑክሱ ላይ ቀድሞ ስለነበረ ልብ አላልነውም። የዛሬ ልጆች ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ከኢንተርኔት ያወርዱታል፤ ያኔ ግን በፍላሽ ካልያዝከው አይኖርህም። እሷ የላይብረሪውንም ሶርስ ኮድ ገልብጣ ይዛው ነበር። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የእኛን ኮምፓይል ማድረግ ጀመርን። የስክሪኑ መስመሮች እየተንቀረፈፉ ሲወርዱ በጋሞኛ ታጉረመርማለች፤ ትጸልይ ትራገም አላውቅም።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። «ቀጣዮቹ ግቡ!»

መስመሮቹ ቆሙ። ስህተት የለም።

«ሠራ?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ግቢ!»

ላፕቶፑን እንደተከፈተ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። አቀረብን፤ አለፍን።

ወደ አባቷ ልሸኛት ከዚያው በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄድን። ለመንገድ ዳቦ ገዝቼላት ስመለስ የመኪናው መስታወት ላይ ራሷን አስደግፋ ተኝታለች። ፊቷ ያለ ጭንቀት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው። መቀስቀስ አሳዘነኝ፤ ዳቦውን አጠገቧ አስቀምጬ ወረድኩ።

አባቷን በሕይወት እንደደረሰችባቸው ሰዎች ነግረውኛል። እኔና እሷ ግን ዳግም አልተገናኘንም። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም።