የጾምኩለት ቫይረስ

ቂሊንጦ ያለ አንድ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ ሲል ደም ተመረመርኩ። ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ የጉበት ቫይረስ ቢ እንደተገኘብኝ ነገረችኝ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በደም ግን ይተላለፋል፤ ስለዚህ የቤትህ ሰዎች ይመርመሩ፣ ነጻ ከሆኑም ይከተቡ አለችኝ። የቤቴ ሰዎች እናቴና ታላቅ እህቴ ናቸው። ሥራውን ጀመርኩ፤ ለእነሱ ግን ምንም አልነገርኳቸውም። እኛ ሰፈር አንድ ሰው "ጉበቱን ነው" ከተባለ ብርጭቆው ለብቻው ይቀመጣል። ያንን ፈራሁ።

ከመናገር ማንበብ ቀለለኝ። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከስልኬ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ኦቶፋጂ አነበብኩ፦ ሕዋስ ሲራብ የተበላሸ ክፍሉን በስስ ሽፋን ይጠቀልልና ወደሚፈጭበት ከረጢት ይወስደዋል። ሰርጎ የገባ ቫይረስንም እንዲሁ ጠቅልሎ ሊያጠፋ ይችላል። እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ፍልሰታ ሊገባ ነበርና መድኃኒቴን ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት የእኔ ጾም ሥጋና ወተት መተው ብቻ ነበር። በዚያ ፍልሰታ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም አልኩ። እናቴ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ተመለሰልኝ" ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬንም ትሕትና አደረጉት።

በጾሙ አጋማሽ፣ በእረፍት ቀኔ ጠዋት፣ የጽሑፉን ቀሪ ክፍል ከፈትኩ። ከጥቅለላው የሚያመልጡ ቫይረሶች አሉ ይላል። የባሰም የሚሠሩ አሉ፤ የእኔው ከእነሱ መካከል በስም ተጠቅሷል። ሕዋሱ መጠቅለሉን እንዲያበዛ ይቀሰቅሰዋል፣ በዚያው ሥራ ተጠቅሞ ይባዛል፣ የመጨረሻውን መፍጨት ግን ያሰናክላል። ጽሑፉ የሚናገረው ላቦራቶሪ ውስጥ ስላደጉ ሕዋሳት ነው፤ መራብ የበሽተኛን ቫይረስ ያበዛል አላለም። ይህን ለይቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ጾም ያጠፋዋል የሚልም አንድ ቃል የለበትም። ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ የንስሐ አባታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ጎራ አሉ።

"እንዴት ነው ጾመኛው?"

"እሱንማ ተዉት አባ፣ እኔንም በልጦኛል" አለች እናቴ። ወደ እህቴ ዞራ፣ "አንቺ ግን ወንድምሽን እይ!"

"እሱ ከመላእክት ጋር ነው፤ እኔ ከሆዴ ጋር ነኝ" አለች እህቴ፣ ጥፍሯን እየቆረጠች።

አባ ሳቁ። "እኔም ብሆን ሰባት ሰዓት ሲል ጉልበቴ ይከዳኛል። ልጄ፣ ለእኛም ጸልይልን።"

ዓይኔ እህቴ እጅ ላይ ነበር። የያዘችው የእኔን ጥፍር መቁረጫ ነው።

"አስቀምጪው" አልኳት።

"ምን ሆነህ ነው? ልበላልህ ነው እንዴ?"

"ደሜ ውስጥ ቫይረስ አለ። የጉበት። በእሱ ሊተላለፍ ይችላል።"

እህቴ መቁረጫውን አስቀመጠችው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። "አባ፣ የጾምኩትም ለእግዚአብሔር አይደለም፤ ቫይረሱን የሚገድልልኝ መስሎኝ ነው" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?" አሉ አባ።

"ከግንቦት።"

ትከሻዬን ያዙ። "በል አሁን ብላ። የጾሙን ነገር በኋላ እንነጋገራለን። ነገ ሦስታችሁም ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ።"

እህቴ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አቅርባ የተቆረጠ ቆዳ እንዳለ ትፈልግ ነበር። "ሁለታችንንም እኮ ነው የደበቅከን" አለች። ከዚያ በላይ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱም ነጻ ሆኑ፤ ክትባትም ጀመሩ። ስንመለስ እህቴ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔና እናቴ ታክሲ ያዝን። ስንወርድ፣ "ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ እኮ" አለች። "ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ግቢያችን በር ላይ ጎረቤታችን ልብስ ታሰጣለች። "የእኔ መነኩሴ! ዛሬም እስከ ዘጠኝ ነው?" አለችኝ።

"አይ እትዬ" አልኩ። "ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት።"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። እናቴ ወደ ቤት አልገባችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀሪውን እስክናገር ትጠብቅ ነበር።