የጉብኝት ቪዛ ይዤ ጎማ ስጠግን ከረምኩ

ዛሬ ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቴን አይታ መለሰችልኝ። አማርኛ ታውቃለች። «አባባ፣ ይሄ እኮ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የጉብኝት ቪዛ ነው፣ እሱም ቀኑ አልፏል» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ይዤው የዞርኩት ወረቀት ነው።

እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ጅቡቲን ልጎበኝ! ከተማው ዳር ፒኬ 12 የጭነት መኪኖች መቆሚያ ላይ፣ በዚያ ሐሩር የከባድ መኪና ጎማ እየፈታሁ ነው የምጎበኘው።

የሥራ ፈቃድ አወጣልሃለሁ ላለኝ ደላላ የከፈልኩት የሟች ባለቤቴን የወርቅ ሀብል ሸጬ ነው። ያገሬ ልጅ ነው ብዬ አመንኩት። አሁን ስልኩን አያነሳም።

ጎረቤቴ ፋጡማ ፈረንሳይኛ ታነባለች። ወረቀቱን የተቀበልኩ ቀን «አቦ ጋሼ፣ አምጣ ላንብብልህ» ብላኝ ነበር። የድሬ ልጅ ናት፣ አንቱ አታውቅም። «ዓይኔ አልጠፋም» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ዓይኔስ አልጠፋም፣ የፈረንጅ ፊደል ነው ያልቆጠርኩት።

አሠሪዬ እስከ ሐሙስ ፈቃዱን ካላመጣህ አትምጣ ብሎኛል። ሌላ ሀብል ደግሞ የለኝም።

ከሰዓት የቢሮዋ ሴት የሰጠችኝን አዲስ የፈቃድ ፎርም ይዤ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። «አንብቢልኝ» አልኳት። ይሄን ቃል ለሰው ብዬ አላውቅም። እሷም አልሳቀችብኝም። የክፍያው ቁጥር ጋ ስትደርስ ግን ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ቀጥዪ» አልኳት።

እናንተስ፣ ሳታስነብቡ የከፈላችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። በአማርኛ ይሁን፣ እሱን ራሴ አነበዋለሁ።