የአባቴ እድርና የኔ ቀለብ

አባቴ በአንድ ነገር አይታማም፤ የእድር ክፍያ አሳልፎ አያውቅም። ዝናብ ይዝነብ፣ የሚነዳው ተሳቢ ሞጆ ላይ ይበላሽ፣ አዲሷ ሚስቱ ትውለድ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ አቃቂ እድር ቤታችን በር ላይ ከተፍ ይላል። ከእናቴ ተፋትቶ ቃሊቲ ሌላ ትዳር ሲመሠርት እንኳ እድሩን አልለቀቀም። ለምን ሲባል «እዚያ ያለው እድር የመግቢያ ገንዘቡ አያድርስ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ «ሰውዬው የሚያምነው የኛን ለቅሶ ነው፤ እዚያ ማን ያለቅስለታል?» ትላለች።

የኔን ቀለብ ግን አይከፍልም ነበር።

ሲፋቱ ሰባት ዓመቴ ነው። ፍርድ ቤቱ በየወሩ ስልሳ ብር እንዲከፍል ወሰነበት። ስልሳ ብር ያኔ እንዳሁኑ አልነበረችም፤ ቁም ነገር ትሠራ ነበር። አምስት ወር ከፈለ። በስድስተኛው ወር «መኪናዋ ጋራዥ ገባች» ብሎ ላከ። መኪናዋ ከጋራዥ ሳትወጣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። በሦስት ፈረቃ እየተገላበጠች አሳደገችኝ። «ለምን አትጠይቂውም?» ስላት «እኔ? እሱን? ሞቼ ነው ቆሜ!» ትላለች። ኩራቷ አይጣል ነው። እሷ በኮራች ቁጥር የተሰፋ ጫማ የምጫማው እኔ ነኝ እንጂ እሱ ምን ቸገረው?

ከእድር ቤቱ እስከ እኛ ቤት ሦስት አጥር ነው። እሱ ግን ከፍሎ ሲወጣ በኛ በር አያልፍም፤ በባቡር ሐዲዱ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔ አጥራችን ላይ ተንጠልጥዬ ኮቱን ከሩቅ አያለሁ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቻ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኛል፣ ከዚያ ጥፍት። እውነቱን ልናገር፣ እወደው ነበር። ንድድ እያልኩ እወደው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ሳሪስ አንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ያስተምራል፤ በየወሩ ክፍያ አለው። እናቴ ደመወዟን ወዲህ ብትል ወዲያ ብትል አልበቃ አላት። አንድ ቀን ከፈረቃ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከሳጥን ሥር ያንን የድሮ ውሳኔ አወጣች። «አልለምነውም» አለችኝ። «ልመና ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ።» ኩራቷን እንዲህ አድርጋ ነው የዋጠችው።

ፍርድ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ጻፈልን። የእናቴን በደል ሲያሳምረው እኔ ራሴ እንባዬ መጣ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን ወረቀቱን አንብባ መለሰችው።

«ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ካሁን በኋላ እርስዎ ስለ እሷ ሆነው መጠየቅ አይችሉም፤ ከፈለገች ራሷ ትጠይቅ። ለዚያውም የከረመ ውዝፍ ነው፤ ዳኛው ምን እንደሚሉ አላውቅም።»

እናቴ ጮኸች። «ያበላኋት እኔ! ያለበስኳት እኔ! ከሳሿ እሷ?»

«አዎ እናቴ፣ ሕጉ ነው።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠቡ የሁለቱ ነው ብዬ ዳር ቆሜ ነበር። አሁን አባቴን የምከሰው እኔ ልሆን ነው። ከከሰስኩት ደግሞ የፋሲካውም ብቅ ማለት እንደሚቀር አውቃለሁ። ኮሌጁንም እፈልጋለሁ፣ አባቴንም እፈልጋለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጠኝ መስኮት አልነበረም።

«ከዚህ በኋላ አይመጣም እኮ» አልኳት ስንወጣ።

«ለብርቱካኑ ከሆነ እኔ እገዛልሻለሁ» አለች።

ታክሲ ውስጥ አኩርፋ እስከ ቃሊቲ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየች። ከዚያ በድንገት ጭኗን መታ አድርጋ «የፊታችን እሑድ የወሩ መጀመሪያ አይደል?» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

የእድራችን ስብሰባ የታወቀ ነው። ድንኳንና ጎላ ድስት በታጨቀበት አዳራሽ ሰው አግዳሚ ላይ ይደረደራል፤ ጸሐፊው ገንዘብ ይቀበላል፤ የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ማን እንደታመመ ማን እንደሞተ ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው አለ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መነሳት ይጀምራል፤ በልዩ ልዩ የሚናገር ሰው የለም።

እናቴ ተነሳች። «እኔ ልዩ ልዩ አለኝ።»

አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ነበር። ዞሮ አያትና በፍጥነት ወደ ፊቱ ተመለሰ።

እናቴ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረገፈችው። ዳኛው አቋረጧት። «ልጄ፣ አዝናለሁ፤ እድር የሞት ጉዳይ እንጂ የፍቺ ጉዳይ አያይም። መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም።»

«መልካም። እንግዲያው በሞት በኩል ልምጣ» አለች። «ይህ ሰው ነገ ቢሞት ድንኳኑ የሚተከለው በዚህ እድር ነው። ንፍሮ የምንቀቅለው እኛ ሴቶቹ ነን። እንግዲህ ዛሬ በሁላችሁም ፊት ልናገር፤ እኔ ለዚህ ሰው ንፍሮ አልቀቅልም። ቅጣት ካለው ቅጡኝ፣ ዛሬውኑ እከፍላለሁ!»

ከኋላ አንዲት ሴት «እኔም አልቀቅልም!» አለች። ሌላዋ «እኔም!» አለች። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ በልቡ የራሱን ለቅሶ ያለ ንፍሮ ሳያየው አልቀረም።

አባቴ ዘሎ ተነሳ። እዚህ ላይ ነው ጉድ የሠራው። «እኔ ከፋይ ሰው ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ስሜ አይጥፋ! እኔ ክፍያ የማሳልፍ ሰው ነኝ?» ብሎ የእድር ደብተሩን ከኮቱ ኪስ መዥረጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንዴት ያለች ደብተር መሰለቻችሁ! በፕላስቲክ ተሸፍና፣ ጥግ ጥጓ ሳይታጠፍ።

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን አንድ በአንድ ገለጡ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። «እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «አንድም ወር አላሳለፍክም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሞትህ እንዲህ አድርገህ ከፍለሃል። ለመሆኑ ልጅህ ከሬሳህ ታንሳለች?»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ደብተሩን ለመመለስ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ የገዛ ማስረጃው እንደዞረበት ያኔ ነው የገባው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

ዳኛው በዓይናቸው ፈለጉኝ። «ጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብለዋል አሉ ፍርድ ቤት። ተነሺ እስቲ ልጄ። ምን ያህል ነው?»

ተነሳሁ። «ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ብር ነው» አልኳቸው። «አንድ መቶ ሃያ ሰባት ወር።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ተቀመጠ። እኔም በቃ፣ አባት የለኝም ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተመካከሩ። እናቴን «መቶ ሃያዋን ብር ለኛ ስትይ ተይለት» ብለው ለመኗት። እናቴ ረጅም ጊዜ ካሰበች በኋላ ማረችለት። ቀሪውን በየወሩ ሦስት ሦስት መቶ ብር፣ በሃያ አምስት ወር እንዲከፍል ተወሰነ። ዳኛው አንድ ነገር ጨመሩ፤ ገንዘቡ በጸሐፊው በኩል አያልፍም፣ በእድር ቀን ከእጁ ወደ እጄ ይሰጠኛል፣ እኔም ደብተር ላይ እፈርማለሁ። «በሰው እየላከ አይሸሽም» አሉ።

የመጀመሪያው ወር አይነሳ። ከእድር ቤቱ ውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ብሩን ሰጠኝ፤ እልህ ይዞኝ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ፈረምኩ። ኮቱን አራገፈና በሐዲዱ በኩል ሄደ። ከኮሌጁ ክፍያ የተረፈውን ለእናቴ ሰጠኋት። ገልብጣ ገልብጣ አየችና «ብሩማ ደህና ብር ነው» አለች።

በሁለተኛው ወር «ትምህርት እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና።» በሦስተኛው «ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለኝ። በአራተኛው፣ ዴቢት በግራ ክሬዲት በቀኝ መሆኑን በእንጨት መሬት ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁት። «እኔ በየትኛው በኩል ነኝ?» ሲለኝ «አንተማ የማይሰበሰብ ዕዳ ተብለህ ልትሰረዝ ነበር» አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ምላሴ አያርፍ፤ በየወሩ አንድ የምወጋው ነገር አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ። እሱም ለመወጋት ቀደም ብሎ ይመጣ ጀመር።

አንድ እሑድ ዝናብ ያዘንና የድንኳን ማስቀመጫው ውስጥ ተጠለልን። እዚያ ሳለን ጠየቅኩት። «ለምንድን ነው በሐዲዱ በኩል የምትዞረው?»

«የስድስተኛውን ወር ሳልከፍል ስቀር ባዶ እጄን በደጅሽ ማለፍ አፈርኩ» አለ። «በሰባተኛው የሁለት ወር አፈርኩ። ከዚያ ዓመት ሆነ። የዓመት እፍረት ይዞ እንዴት በር ይንኳኳል?»

«እድሩንስ እንዴት ቻልከው?»

«እድር ቅጣት አለው። አንቺ አትቀጪኝም ነበር።»

ቆሽቴ አረረ። በዚያች ቅጽበት ብሩን ፊቱ ላይ ብወረውርለት ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አጥር ላይ የተንጠለጠልኩት ስልሳ ብር ፍለጋ መስሎታል? «ባዶ እጅህን ብትመጣ ኖሮስ?» አልኩት። «ማን ብር ጠየቀህ? ማን?» ጮኼ ስለነበር ጸሐፊው በበሩ ብቅ ብሎ አይቶን ተመለሰ። አባቴ ዝናቡ ሲያባራ በሐዲዱ በኩል አልሄደም፤ ከኔ ጋር እስከ በራችን መጣ። እናቴ ከበሩ ላይ «ጭቃህን አራግፈህ ግባ» አለችው፤ አልገባም፣ ግን ቆሞ ውሃ ጠጣ።

ኮሌጁን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ሃያ አምስተኛው ወር ደረሰ። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም። ዕዳ ነው በየወሩ የሚያመጣው፤ ዕዳው ካለቀ ምን ያመጣዋል? በፋሲካ በፋሲካ ብርቱካን ለመብላት ደግሞ አርጅቻለሁ።

እሱ ቀድሞ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሦስት መቶውን ብር ሰጠኝ። ቆጠርኩ፣ ደብተሩን ገለጥኩ፣ በሃያ አምስተኛው መስመር ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አንድ ወር ይቀርሃል» አልኩት።

አባቴ ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ መስመሮቹን ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሒሳብ ተማሪ ሆኜ እንደዚያ ያለ ውሸት!

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

«ተሳስተሻል» አለኝ። «ሁለት ነው የሚቀረኝ።»