የሴቶቹ ደረጃ

ጅዳ፣ በለድ በሚሉት አሮጌው ከተማ ውስጥ የማጸዳው ቤት ድሮ የሰው መኖሪያ ነበር፤ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ግድግዳው ከባሕር የተፈለጠ ድንጋይ ነው፤ በየክንዱ እንጨት ተጋድሞበታል። ሮሻን የሚሏቸው መስኮቶች ወደ መንገዱ ወጣ ያሉ፣ ወንፊት የመሰሉ የእንጨት ሥራዎች ናቸው፤ ሴቶች ሳይታዩ የሚያዩባቸው። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ አቧራቸውን እኔ እጠርጋለሁ። የቀረጻቸው አናጢ በዕድሜው ጨርቅ ይዞ አያውቅም፣ ወላሂ!

ቤቱ ሁለት ደረጃ ነበረው፤ የወንዶቹ ከፊት፣ የሴቶቹ ከጓሮ። ሲታደስ መሐንዲሱ የሴቶቹን ዘግቶ ሽንት ቤት ሠራበት። ጉድ እኮ ነው!

ማረፊያ ከመሆኑ በፊት እዚሁ የባለቤቶቹ ሠራተኛ ነበርኩ። ትልቋ ማዳም ቤቱ ሲለቀቅ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ልጃቸው ጋ ገቡ። አምና አንድ ቀን ልጃቸው በመኪና ይዟቸው መጣ። "ሙሽራ ሆኜ የገባሁበትን፣ ልጆቼን የወለድኩበትን ክፍል ሳላየው መሞት የለም" ብለው አስቸግረውት ነው። ጉልበታቸው አልቋል፤ ዳግም እንደማይመጡ ሁላችንም ገብቶናል።

በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ ወንድ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ደግሞ በወንዶቹ ደረጃ ወጥተው አያውቁም። ልጃቸው "ዘመኑ ተለውጧል፣ ያላ!" ይላቸዋል። ፍንክች አላሉም። በዚያ ሙቀት! አንጀቴን በሉት።

ድሮ የቤቱ ወንዶች ወደ ላይ ሲወጡ፣ ሴቶቹ እንዲሸፈኑ "ያ ሳቲር!" እያሉ ይጮሁ ነበር። እኔም አዳራሹ መሐል ቆሜ፣ እኛ ወሎ ከጋራ ጋራ በምንጣራበት ድምፅ "ያ ሳቲር!" አልኩት። የሀገሬው ሰዎች ሴት ልታልፍ መሆኑ ገባቸውና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፈረንጆቹም አደጋ የመጣ መስሏቸው ተከትለው ዞሩ። ማዳም ክንዴን ይዘው፣ እያረፉ ወጡ።

ክፍሉን በካርዴ ከፈትኩላቸው። አልጋው ላይ የሰው ልብስ ተዝረክርኳል፤ ሻንጣ አፉን ከፍቷል።

"እንግዳው አለ?" አሉኝ።

"ወጥቷል። ይግቡ እንጂ፣ ማን ያይዎታል?"

"የለም ልጄ። በዚህ ቤት ሐጃጆች እናሳድር ነበር። እንግዳ ሳይፈቅድ ክፍሉ ተገብቶ አያውቅም።"

ደፉ ላይ ትንሽ ቆመው አዩት።

"ኻላስ፣ ዝጊው" አሉኝ።