መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያለው ነጠላ ጫማ

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። ሥራው የመሥሪያ ቤቶችን የኤሌክትሪክ ዕቃ መመርመር ነው። ማንቆርቆሪያውን፣ ካውያውን፣ ማተሚያውን በየተራ ከመለኪያው ጋር ያገናኛል፤ ደህና የሆነው ላይ ቀን የተጻፈበት አረንጓዴ ስቲከር ይለጥፋል፤ የወደቀውን ግን ቀይ ለጥፎበት ስፒናውን በመቀስ ቁርጥ! እሱ መጣ ሲባል ጸሐፊዎቹ ከጠረጴዛ ሥር ያለውን ማሞቂያቸውን ኮት አልብሰው ይደብቁታል። እሱም ኮት የለበሰ ማሞቂያ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

የማይደፍረው አንድ ቤት ቢኖር የእናቱ ነው። «እኔ ቤት ልጅ እንጂ መርማሪ አይገባም፤ ያንን ሳጥንህን መኪናህ ውስጥ ተወው» ይሉታል አማቴ። እሺ ይላል። እናቱ ፊት ሲደርስ መቀሱ ይዶለዱማል።

አንድ እሑድ ልጃችንን ይዘን ሄድን። ገና ድክ ድክ የምትል ናት፤ እኔ ወደ ሥራ ልመለስ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ አያቷ ጋ ልትውል ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይሽከረከራል። እሷ ደግሞ የሚዞር ነገር ካየች አበቃ፣ ከእጄ አምልጣ ወደዚያው። አማቴ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው «ጫማ! ጫማውን አድርጉላት!» እያሉ ደረሱና አፈፍ አድርገው አቀፏት።

በሩ ላይ ሁልጊዜ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። ያንን ሳያደርግ ማንም ማሽኑ ጋ አይደርስም። እኔም የንጽሕና ጉዳይ መስሎኝ ስንት ጊዜ አጥልቄዋለሁ፤ ባለቤቴም እንዲሁ። አሁን ግን ጫማውን ትክ ብሎ አየው።

«እማዬ፣ ይሄ ጫማ ለምንድን ነው?»

«ወለሉ እንዳይቀዘቅዛት ነዋ።»

«እማዬ!»

አማቴ ልጅቷን ጠበቅ አደረጓት። «ትንሽ ትንሽ ይነዝራል። ጫማ ካደረጉ ግን ምንም አይልም፤ እኔ ለምጄዋለሁ።»

ልጄ በባዶ እግሯ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ማሽኑ ላይ ለጥፋ ታየችኝ። ባለቤቴ ስፒናውን ነቀለና ሳጥኑን ከመኪናው አመጣ። ማሽኑ ፈተናውን ወደቀ። መቀሱን ሲያነሣ አማቴ እንባቸው መጣ።

«ቁረጠው! ከዚያ ደግሞ የእናቴ ቤት አርጅቷል፣ ብቻዋን መኖር አትችልም በልና ዕቃዬን ጫን። ልጅቷንም ለሞግዚት ስጥ! የደበቅኩህ ለዚህ ነው።»

«አንቺን ማን ይነቀንቅሻል እማዬ? የምቆርጠው ገመዱን ነው።»

ቆርጦ ስፒናውን ሲከፍተው ንዝረቱን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ከብሎኑ ወልቋል። ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ አንዱ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ይነካ ነበር። የተላጠውን ቀየረ፣ ገመዱን ከነስፒናው አዲስ አደረገ፣ ሶኬቱን ጭምር ፈትሾ እንደገና ለካ። አለፈ! እፎይ ያልኩት እኔ ብሆንም የሁላችንም ትንፋሽ ነው የወጣው። አረንጓዴውን ስቲከር አማቴ ራሳቸው ለጠፉት። ተጣሞ ተለጠፈ፤ መቀስ እንኳ አላቃናውም።

ሰኞ ቀትር ላይ ከሥራ ደወልኩ።

«ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለን ልብስ ሲዞር እያየን ነው» አሉኝ።

አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። «ባዶ እግራችንን ነን፤ እሷም እኔም» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ።