ወደ ኋላ የማይሄደው አውቶቡስ

ሊቪዩ ብርዛን ጎል ከማግባት በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም። አባቱ ዕድሜውን ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ጨርሷል፤ ልጁን ከጉድጓዱ ያዳነው እግሩ ነው። ከማዕድን ሠራተኞቹ ቡድን የቡካሬስት ክለብ ወሰደው፤ አንድ ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን ጎል ሲያስቆጥር ከረመና የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ፣ በዓመት በዓመት ውል ሲንከራተት ኖረ።

አሁን የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን አምበል ነው። ቡድኑ እንዳይወርድ የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። የክለቡ ሊቀመንበርም፣ «እሑድ እንይህና ስለ ውሉ እንነጋገራለን» ብሎታል። ጉልበቱ ግን ከሐሙስ ጀምሮ አብጧል።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ዞይካ የጥቅል ጎመን ቅጠል በጠርሙስ ዳምጣ ጉልበቱ ላይ ጠቀለለችለት።

«ለጋሽ ሚርቻ ለምን አትነግረውም?»

«ለአሰልጣኝ ነግሬ ልቀመጥልሽ?»

«ብትቀመጥስ?»

«ከዚያ ምን ልሥራ? ዳቦ ልጋግር?»

«እሱንም አትችልበትም» አለችና ፋሻውን አጥብቃ አሰረችው።

የቡድኑ አውቶቡስ ሾፌር ፋኒካ መንገድ አሳጥራለሁ ብሎ በወንዙ ዳር ሲነዳ፣ ድልድዩ ለጥገና ተዘግቶ አገኘው። ስታዲየሙ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ይታያል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አውቶቡስ አያዞርም።

ጋሽ ሚርቻ ሰዓቱን አየ። «ለዛሬ ግድ የለም፣ ፋኒካ። የኋላ ማርሽ አስገባ።»

ፋኒካ ማርሹን አልነካም። ተጫዋች ጭኖ ወደ ጨዋታ የሚሄድ አውቶቡስ ወደ ኋላ አይነዳም፤ የተነዳበት ቡድን ይወርዳል ይባላል። ሾፌሮች ይህን ሽሽት ከተማ ሙሉ ሲዞሩ ያመሻሉ።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ሊቪዩ። «ወርደን በእግራችን እንሂድ።»

አፉ ቀደመው። ስለ ጉልበቱ ያሰበው ሁሉም ቦርሳቸውን አንስተው መውረድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

አጠገቡ ያለውን የእግረኛ ድልድይ እንደምንም ተሻገረ። ዳገቱ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

«አምበላችንን እዩልኝ» አለ በረኛው ድራጎሽ ቆሞ እየጠበቀው። «እንደ ሙሽራ ነው የሚረግጠው።»

«ትንፋሽህን ለጨዋታው ቆጥብ።»

ሊቪዩ ይህን ብሎ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ፋሻው ላላና ቅጠሉ በሱሪው እግር ሾልኮ መንገዱ ላይ ወደቀ። ድራጎሽ አነሳው።

«ሥጋ በጎመን ጠቅልሎ ሳርማሌ የሚሠራ ሰው አለ እንዴ? ጎመኑን ጥሎታል።»

ሳቁ። ጋሽ ሚርቻ አልሳቀም። እናቱ በአባቱ ያበጠ ጉልበት ላይ ጎመን ስትጠቀልል እያየ ነው ያደገው።

«ሱሪህን ሰብስብ» አለው።

ሊቪዩ ሰበሰበ። ጉልበቱ አብጦ ታየ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ያሰልፉኝ ነበር?»

«አላሰልፍህም።»

«እንግዲህ።»

ጨዋታው ሲጀመር ሊቪዩ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነበር። ከዕረፍት በፊት ቡድኑ አገባ። ሁሉም ዘለለ፤ እሱም ዘግይቶ ተነሣና አጨበጨበ። ሲቀመጥ ግን አንድ ሐሳብ መጣበት፤ አባረረው፣ ተመልሶ መጣ። እየመሩ ከጨረሱ ማንም አይፈልገውም። አንድ ጎል ብትገባባቸው ግን ይጠሩታል። ኳስ ወደ ድራጎሽ በተላከች ቁጥር ትንፋሹን ይይዝ ጀመር።

ከዕረፍት በኋላ ጎሏ ገባችባቸው። ድራጎሽ ጭቃው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ቀረ። ሊቪዩ ግን የታኬታውን ማሰሪያ እያጠበቀ ነበር። ቀና ሲል ጓደኛው ገና አልተነሣም። እጁን ከማሰሪያው ላይ አነሣ።

ጋሽ ሚርቻ ዞር አለ። «ትችላለህ?»

ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ «እችላለሁ»።

«አልችልም፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ያስገቡ።»

ሌላ ሰው ገባ። ጎል ግን አልተገኘም፤ አንድ ለአንድ አለቀና ቡድኑ ወረደ።

ሊቀመንበሩ ልብስ መልበሻ ክፍል ገብቶ ሁሉንም ጨበጠ። ሊቪዩ ጋ ሲደርስ ትከሻውን መታ አድርጎት፣ «ጉልበትህን ታከም» ብሎ አለፈ። ስለ ውል አላነሣም።

ድራጎሽ አጠገቡ ተቀምጦ ጭቃ የያዘውን ጓንቱን እያወለቀ፣ «አንተ ብትኖር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለው።

«ሲገባብህ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ሊቪዩ።

ድራጎሽ ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄን ለምን ነገርከኝ?»

ሊቪዩ የታኬታውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ድራጎሽ ፎጣውን አነሣና ወደ ሌላው ወንበር ሄደ።